ዳርቻው ተውቧል፤ ወንዙስ?

በየካቲት 2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት ይፋ ሲደረግ ዕቅዱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ማልማት፣ ግምቱም 29 ቢሊዮን ብር ነበር። በግንቦት ወር ደግሞ አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ራት ተበላለት። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ተጨምሮበት የተሠራውን ዐይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ገደል ሣርና አበባ ለብሷል። መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ይሮጥበት በነበረው ሥፍራ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፣ ጡረተኞች ተቀምጠው ያወጋሉ። ይህን ማጣጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነገር ግን ከሣሩ አሻግሮ ወደ ውሃው የተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ውሃው በብዙ ቦታ ዛሬም ጥቁር ነው፤ ዛሬም ይሸታል፤ በውስጡ ዓሣ የለም። የዝግጅት ክፍላችን ፍርዱን ከወዲሁ ይናገራል፦ አዲስ አበባ የወንዞቿን ዳርቻ አልምታለች፤ ወንዞቿን ግን ገና አልመለሰችም። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው ካልተሠራ የመጀመሪያው ዕድሜ አጭር ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንዝ ሲመለስ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም፣ ማለትም ጤናው፣ የመጠጥ ውሃው፣ የጎርፍ መከላከያውና የእርሻው በረከት፣ የሚመጣው ከሁለተኛው ሥራ ነው።

ወንዝ መመለስ ቅደም ተከተል አለው። ጀርመን ውስጥ በሩር የኢንዱስትሪ ቀጣና የሚያልፈው ኤምሸር ወንዝ ለመቶ ዓመት ያህል ክፍት የፍሳሽ ቦይ ነበር። የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ መሬቱን እያሰመጠ ስላስቸገረ ከመሬት በታች የፍሳሽ መስመር መዘርጋት አልተቻለም፤ ስለዚህ ወንዙ ራሱ በኮንክሪት ታጥሮ የሚሊዮኖችን ፍሳሽ እንዲሸከም ተፈረደበት። የማዕድን ሥራው ወደ ማብቂያው ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ወንዙን የማዳን ሥራ ተጀመረ። ኤምሸር ፍሳሽ የማይገባበት ወንዝ የሆነው በ2021 መጨረሻ ነው። ወደ 30 ዓመት ገደማና ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ጠይቋል። ከዚህ ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የዋለው ማንም ፎቶ ለማይነሣበት ነገር ነበር፦ 51 ኪሎ ሜትር ለሚረዝም፣ ከመሬት በታች ለተቀበረ ዋና የፍሳሽ መስመር፣ ለገባር መስመሮቹና ለማጣሪያዎቹ። ፍሳሹ ከወንዙ በተነጠለበት ቦታ ሁሉ ኮንክሪቱ ተነሣ፣ ወንዙም እንደ ልቡ እንዲጠማዘዝ ተፈቀደለት። አበባውና የእግር መንገዱ የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላኛው መንገድ የሶል ነው። የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ቾንግዬቾን በተባለው ወንዝ ላይ የተሠራውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና አፍርሳ እ.ኤ.አ. በ2005 የ5.8 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለሕዝብ ከፈተች። ቦታው ያምራል፣ የከተማውን ሙቀት ያበርዳል፣ ሕዝቡም ይወደዋል። ግን ውሃው በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ እየተሳበ የሚለቀቅ ነው፤ በቀን 120,000 ቶን ገደማ። ፓምፑ ከቆመ ወንዙም ይቆማል። ሶል ሀብታም ከተማ ናትና ትችለዋለች። መብራት ለሚቆራረጥባት ከተማ ግን በፓምፕ የሚፈስ ወንዝ የሚመኝላት ወዳጇ አይደለም።

አዲስ አበባ ከሁለቱ የትኛውን እየተከተለች ነው? መልሱ በፍሳሹ ይታወቃል። የቃሊቲው ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ማጣራት እንዲችል ተደርጓል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ማጣሪያ ግን የሚያጣራው የደረሰውን ነው። ከከተማው ነዋሪ ብዙው ዛሬም የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው፤ ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፣ መኪናው ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ ክረምት ይጠበቅና ጎርፉ እንዲወስደው ይደረጋል። ቀበና፣ ባንተይቀጡ፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ፤ ሁሉም የሚሸከሙት ይህንኑ ነው። በዚህ ላይ ጋራዡ፣ እጥበቱ፣ ቄራው፣ ሆስፒታሉ፣ ትንሹ አቃቂን ተከትለው የተደረደሩት ቆዳ ፋብሪካዎችም ሁሉ ድርሻቸውን ያዋጣሉ። እንግዲህ ዳርቻው ላይ የተተከለው ሣር ከዚህ ሁሉ ፍሳሽ አንዲት ጠብታ እንኳ አያጣራም። ወንዙን በግራና በቀኝ በድንጋይ ግንብ ማጠርም ለዐይን ይበጅ እንደሆነ እንጂ ለወንዙ አይበጀውም፤ የታጠረ ውሃ መሄጃው ሲጠብ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የላይኛው ሰፈር ያመለጠው ጎርፍ ለታችኛው ሰፈር ይደርሰዋል። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1995 በወንዝ ሙላት ሥጋት ሩብ ሚሊዮን ሕዝብ ካስለቀቁ በኋላ ግድባቸውን ከፍ በማድረግ ብቻ ሳይወሰኑ በአንዳንድ ቦታ ወደ ኋላ ስበው ለወንዙ ስፋት መልሰውለታል። ውሃን በመገደብ ከነሱ የበለጠ ማን ያውቃል?

ይህ የአዲስ አበባ የግል ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ለነዋሪዎቿ እንተውላት ነበር። አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ ውስጥ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የሌላ ሀገር ወንዝ የተሸከመውን ጉድ ውቅያኖስ ይቀበለዋል፤ የኛው አዋሽ የተሰጠውን ሁሉ የሚያወርደው እዚሁ፣ የዜጎቻችን እርሻ፣ ከብትና ማሰሮ ውስጥ ነው።

አባ ሳሙኤልን እንይ። ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ይህ ሐይቅ ዛሬ የዋና ከተማዋ ዝቃጭ ማከማቻ ነው። ማመንጫው ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል፤ ኃይሉ ግን 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ ደለሉና እንቦጩም አልለቀቀውም። በመካኒሳ፣ በለቡና በአቃቂ በወንዙ ውሃ የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ወደ ከተማው ገበያ ይመለሳል። በዚህ አትክልት ላይ በተደጋጋሚ የተሠሩ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ከተፈቀደው መጠን በላይ አግኝተዋል። በአጭሩ ከተማው የደፋውን መልሶ ይበላዋል። ገበሬውን መወንጀል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሃውን ያቆሸሸው እሱ አይደለም፤ ከአያቶቹ ጀምሮ በዚያው ወንዝ ያለማ ነበር።

ወረድ ስንል ቆቃ አለ። በ1952 ዓ.ም. ግድቡ ሥራ የጀመረው ይህ ሐይቅ በኢትዮጵያ የእንቦጭ አረም መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንቦጭ የሚፋፋው ማዳበሪያና ፍሳሽ ባሰባው ውሃ ላይ ነው። ከቆቃ በታች አዳማ አለች። የአዳማና የወንጂ አካባቢ ሕዝብ የስምጥ ሸለቆን የከርሰ ምድር ውሃ እንዳይጠጣ ፍሎራይዱ በዝቶበታል፤ የብዙዎች ጥርስ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ምስክር ነው። ስለዚህ አዳማ የምትጠጣው አዋሽን አጣርታ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ፍሳሽ ከወንዝ ሲቀር አዳማ ለኬሚካል የምታወጣው ወጪ ይቀንሳል፤ ይህን ቁጠባ ግን የአዲስ አበባ የፍሳሽ መሥሪያ ቤት በሒሳብ መዝገቡ ላይ አያየውም። ያላየውንም ለማትረፍ አይተጋም። የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

ወንዝና ረግረግ ሲመለሱ ጥቅማቸው ይበተናል። ወጪውን አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣል፤ ትርፉን ጤና ቢሮው በቀነሰ ተቅማጥና ኮሌራ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ በቀነሰ ማጣሪያ ወጪ፣ የአደጋ መከላከሉ በቀረ ጎርፍ፣ ግብርናው በበጋ መስኖ፣ ዓሣ አስጋሪው በመረቡ፣ ቱሪዝሙ በወፎቹ ያገኘዋል። ወጪው በአንድ ስም ስለሚመዘገብ ውድ ይመስላል፤ ጥቅሙ በአሥር ስም ስለሚመዘገብ ኢምንት ይመስላል። ሲጠፋ ግን ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ለዚህ ሐሮማያ ምስክር ነው።

የሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐሮማያ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ነበር። በዙሪያው ጫቱና አትክልቱ በፓምፕ ሲጠጣ፣ ከተሞቹ ሲቀዱ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል ሲሞላው ኖሮ በ1990ዎቹ ማብቂያ ሐይቁ ደረቀ። ከብት በሐይቁ ወለል ላይ ተሰማራበት። የሚገርመው፣ ከሐይቁ አጠገብ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሀገሪቱ ግንባር ቀደም የግብርና ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የጎደለው ጥናት አልነበረም፤ ምሁራን ሐይቁ ላይ የሚደርሰውን በሳይንሳዊ መጽሔት ጽፈዋል። የጎደለው «ቁም» የሚል ሥልጣን ያለው አካል ነው። ፓምፑ ያለው ሁሉ በየፊናው ቀዳ፤ የውሃው ባለቤት ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ከዚያስ? ሐረር ውሃ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ በኩል ወዳለው ቆላ ወረደች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ያንን ሽቅብ ውሃ በቧንቧ መግፋት ማለት ሌት ተቀን የመብራት ቆጣሪ ማስቆጠር ነው። ሐይቁ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ከተማዋ በኤሌክትሪክ ሒሳብ መግዛት ጀመረች። እሱም ሲቋረጥ በጄሪካን፣ በአህያና በቦቴ።

በዚያው ዘመን፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከዚሁ ደጋ ሥር ባለችው ድሬዳዋ ሌሊት የደጫቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደጫቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይገበያይበታል፣ ያቋርጥበታል። የላይኛው ተራራ ዛፍና እርከን ሲያጣ ዝናቡን የሚይዘው አልተገኘም። የደንገጎን ዳገት የወጣ የወረደ ሰው ይህን መሬት ያውቀዋል፦ በአንድ በኩል ሐይቅ የደረቀበት፣ በሌላው በኩል ከተማ በውሃ የተጠረገበት አንድ አካባቢ ነው። ድርቅና ጎርፍ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች መሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። አፈሩ ስፖንጅነቱን ሲያጣ ክረምት ላይ ውሃው ይገድላል፣ በጋ ላይ ጥሙ ይገድላል።

ደግነቱ የሐሮማያ ታሪክ እዚያ አላበቃም። ኮረብቶቹ ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ከፊሉ ቦታ ከከብት ተከለለ፣ ዝናቡም ረዳ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ጀልባም ወፍም ተመልሰዋል። ሐይቁ መመለሱ ደስ ይላል፤ ደስታው ግን ሞተር ፓምፖቹም አብረው እንዳይመለሱ የሚከለክል ሕግ ሲኖር ነው ሙሉ የሚሆነው። የተመለሰን ውሃ መጠበቅ ውሃን ከመመለስ የበለጠ ሥነ ሥርዓት ይጠይቃል።

እንደ ኮረብታው ሁሉ ውሃን የሚይዘው ረግረግ፣ ወይም የዘመኑ ሰነድ «ውሃ አዘል መሬት» የሚለው ነገር፣ በብዙዎቻችን ዐይን ባዶ መሬት ነው። የወባ መፈልፈያ፣ የከብት መስጠሚያ፤ ቢቻል ተጠንፍፎ በቆሎ ይዘራበት፣ ካልሆነ አፈር ይደፋበትና ኮንዶሚኒየም ይሠራበት። በበዓል ቀን ሳሎናችን ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት እንደሚመጣ ያሰበ ግን ባዶ አለመሆኑን ይረዳ ነበር። ረግረግ ውስጥ ውሃው ቀስ ይላል፤ ቀስ ሲል ደለሉን ያስቀምጣል። ከሥሩ ያለው ጭቃ አየር ስለሌለው እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከፍሳሽና ከማዳበሪያ የመጣውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይሰዱታል። ክረምት የጠጣውን በጋ ላይ በምንጭና በጅረት መልሶ ይሰጣል። ከአየር ጠባዩ አንጻር ደግሞ በውሃ የራሰው የበሰበሰ ዕፅ ያከማቸው ካርቦን ረግረጉ ሲደርቅ ጋዝ ሆኖ እንደሚወጣ ይታወቃል፤ እሱን ማቆየት ለዓለም የምናደርገው ውለታ ነውና እዚህ ላይ አናረዝመውም።

ልኩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ረግረግ ክሮሚየምን አያጠፋውም፤ ጭቃው ውስጥ ያስቀምጠዋል እንጂ። በዓመታት ውስጥ ጭቃው ራሱ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ «ረግረግ እንሠራለን» ብሎ ቆዳ ፋብሪካን ማሳረፍ አይቻልም። ፋብሪካው በግቢው ውስጥ ማጣራት አለበት፤ ካልቻለ ይዘጋ። ረግረግ የሚችለው ከሰውና ከእርሻ የሚመጣውን ነው፤ እሱንም በልኩ ሲሰጠው።

ረግረግን ስለማስተዳደር ከኢሉባቦር የምንማረው አለ። እዚያ ሸለቆ ሸለቆው በጨፌ የተሞላ ነው። ሴቶች ምንጩን ይቀዱበታል፣ ቤት ይከደንበታል፣ ከብት በበጋ ይሰማራበታል፣ በረሃብ ጊዜ ደግሞ ከፊሉ ተጠንፍፎ በቆሎ ይዘራበታል። በቆሎው ከደጋው እርሻ ቀድሞ ስለሚደርስ ክፉውን ወር ያሻግራል። ስለዚህ «ረግረግ አይነካ» የሚል የከተማ ሰው ፍርድ እዚያ አይሠራም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ይህን ሲያስተዳድሩ «አባ ለጋ» የሚባል ሰው ይመርጣሉ። ቦዩ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚደፈን፣ ከብት መቼ እንደሚገባ፣ ጦጣና ከርከሮ ማን እንደሚጠብቅ ያስተባብራል። ያላከበረ በሽምግልና ይጠየቃል። ችግር የመጣው ከላይ «ረግረግ ሁሉ ተጠንፍፎ ይታረስ» የሚል ዘመቻ ሲወርድ ነው። ሙሉ በሙሉ የተጠነፈፈውና ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ የተተከለበት ረግረግ ጥቂት ጊዜ አብልቶ ይደርቃል፤ ምንጩም አብሮ ይሄዳል።

በአዲስ አበባ አቅራቢያም በአዲስ ዓለም በኩል በርጋ የሚባል ሜዳ አለ። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዷ፣ ክንፏ ነጭ የሆነ ድንቢጥ የምታህል የረግረግ ወፍ፣ በክረምት እዚያ ሣር ውስጥ ትፈለፍላለች። ገበሬዎቹ ወፏ እስክትፈለፍል ከብት ላለማሰማራት ተስማምተዋል፤ በምላሹም የልጆች ትምህርት ቤት ተሠርቶላቸዋል። ጥቅሙ ለማን፣ መሥዋዕትነቱ የማን እንደሆነ ፊት ለፊት ተነጋግረው የተዋዋሉት ውል ነው።

ጣና ላይ ያልሠራነው ይህንኑ ነው። እንቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ሲወርር ሕዝብ በእጁ ነቀለ፣ ማሽን ተገዛ፣ ዘመቻ ተጠራ። የሐይቁ ዳር ረግረግና ደንገል፣ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ ወንዞች አፍ፣ ግን እርሻ እየሆነ ሄዷል። ደለሉንና ማዳበሪያውን ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት ይይዝ የነበረው እሱ ነበር፤ ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ የሚራቡትም ወደነዚሁ ወንዞች እየወጡ ነው። በሩን አፍርሶ ሌባ ማባረር ማለቂያ የለውም።

ዋጋውን በብር ማስላት ይረዳል? ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያድንም። የካምፓላን ናኪቩቦ ረግረግ እንይ። የከተማዋ ፍሳሽ በዚያ አልፎ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል፤ ካምፓላ የምትጠጣውም ከዚያው ሐይቅ እየቀዳች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ ጥናት ረግረጉ በዓመት ከ1 እስከ 1.75 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማጣራት ሥራ እንደሚሠራ አሰላ። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ተጠቀሰ፣ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። ረግረጉ ግን ከዚያም በኋላ በፋብሪካና በእርሻ እየተሸረሸረ ሄደ። ቁጥር የሚያስፈራው በቁጥሩ የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው።

እኛ ጋ የሚጠየቀው ማን ነው? ሕግ አላነሰንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን መብት ያደርገዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የከተማ አስተዳደሩም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክልን በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ቅጣቱ ግን እንዳይገለበጥ እንሠጋለን። የላስቲክ ቆሻሻ የጣለች እናት በደንብ አስከባሪ እጅ በቀላሉ ትያዛለች፤ ሌሊት ቫልቭ ከፍቶ የሚለቅን ፋብሪካ ለመያዝ ግን ላቦራቶሪ፣ ናሙና፣ የሌሊት ተረኛና ስልክ ሲደወልለት የማይንበረከክ ኃላፊ ያስፈልጋል። መጸዳጃ የሌለውን ሰፈር ወንዝ አቆሸሽክ ብሎ መቅጣትም መጀመሪያ መጸዳጃውን ሳይሰጡ የሚደረግ ከሆነ ፍትሕ የለውም።

መሥሪያ ቤቶቹን ብንቆጥር ፍሳሹ የአንዱ፣ ደረቅ ቆሻሻው የሌላው፣ ዳርቻው የሦስተኛው፣ ቁጥጥሩ የአራተኛው ነው። የላይኛው ምንጭና የታችኛው እርሻ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ነው። የኢሉባቦር ገበሬ ለአንድ ሸለቆ አንድ አባ ለጋ አለው፤ አቃቂ ግን ብዙ አለቆች እያሉት አባት የለውም። ውሃው ጥቁር ሆኖ ቢቀር ከሥልጣኑ የሚነሣ ማንም ሰው የለም። የከተማው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ብለን እንፈርዳለን፤ ከገንዘብ እጦቱም ይብሳል።

«ድሃ ሀገር ነን፤ መጀመሪያ ቤት፣ መጀመሪያ ሥራ» የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን። ቁም ነገር አለው። ግን ለዳርቻው ቢሊዮን የተገኘበት ከተማ ለቱቦው ገንዘብ የለኝም ሊል አይችልም። የፍሳሽ ቦይ መቆፈር፣ እርከን መሥራት፣ ደለል ማውጣትና ችግኝ መንከባከብ ደግሞ ከማንኛውም ሥራ ይልቅ እጅ የሚፈልጉ፣ በዶላር የማይገዙ ሥራዎች ናቸው። ከወንዙ ዳር ለልማት የተነሡት ቤተሰቦችም ከዚህ ሥራ ተቀዳሚ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል። የተነሡት ወንዙ እንዲድን ከሆነ ወንዙ መዳኑን የማየት መብት አላቸው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በአቃቂ ተፋሰስ ላይ፣ ከእንጦጦ ምንጮች እስከ አባ ሳሙኤል፣ የከተማውንና የክልሉን ሥልጣን ያጣመረ፣ በስም የሚታወቅ ኃላፊ ያለው አንድ አካል ይቋቋም። አዳማን ጨምሮ የታችኞቹ ውሃ ተጠቃሚዎች በቦርዱ ላይ ወንበር ይኑራቸው፤ ጉዳቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በየዓመቱ ለወንዝ ዳርቻ ከሚመደበው ገንዘብ የሚበልጠው ለፍሳሽ መስመር፣ ለጋራ መጸዳጃና ለመምጠጫ መኪና ይዋል። ከአባ ሳሙኤል በላይ ገና ግንባታ ያላረፈባቸው ረግረጎችና የወንዝ መተኛ ሜዳዎች ተለክተው፣ ካርታ ወጥቶላቸው፣ ለምንም ግንባታ እንዳይሰጡ ይከልከሉ። ፋብሪካዎች የሚለቁት ውሃ በሦስተኛ ወገን ላቦራቶሪ ይለካ፤ ውጤቱም ከነፋብሪካው ስም ይታተም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ከተማው የወንዞቹን ውሃ በታወቁ ቦታዎች፣ በቀበና ድልድይ፣ በመካኒሳ፣ በአቃቂና በአባ ሳሙኤል መግቢያ፣ በየወሩ ለክቶ ኦክስጅኑን፣ ባክቴሪያውንና ክሮሚየሙን ለሕዝብ ይግለጽ። የዳርቻውን ርዝመት በኪሎ ሜትር የሚዘግብ መሥሪያ ቤት ውሃው ስንት ዓሣ እንደሚያኖርም ሊዘግብ ይችላል። የከተማው ምክር ቤት ይህ ሰንጠረዥ በእጁ ሳይገባ ለወንዝ ዳርቻ ልማት ሌላ በጀት ማጽደቅ የለበትም።